ምዕራፍ ሰባት፦ እጀታው ብቻ የቀረ ጩቤ

ሮማውያን ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነበር። ቀኑ ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ስድስት ይሞላል። የፈረንጅ መጻሕፍት ለአንባቢያቸው አስልተው መተርጎም ያለባቸውን ነገር እኛ እንዳለ እንቀበለዋለን፦ ንጉሠ ነገሥት ድምጥያኖስ ይፈራ የነበረው አምስት ሰዓትን ነው።

ፍርሃቱን የተከሉበት ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። ገና ጎረምሳ ሳለ የሚሞትበትን ዓመት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አሟሟቱን ሳይቀር ነግረውታል ይባላል፤ አሟሟቱ በብረት ነው። አንድ ቀን ማዕድ ላይ እንጉዳይ ቀርቦለት ሲያፈገፍግ አባቱ በሰው ፊት ሳቀበት። እንጉዳይ በሮም ቤተ መንግሥት የመርዝ መደበቂያ እየተባለ ስሙ የጠፋ ምግብ ነበር። አባትዬው ግን ዕጣህን ብታውቅ የምትሸሸው እንጉዳይ ሳይሆን ብረት ነበር ብሎ አላገጠበት። ሌላው ስቆ ረሳው፤ ልጁ አልረሳውም።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 96 ረፋዱ ላይ፣ አርባ አምስተኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ወር የቀረው ድምጥያኖስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስድስት ሆኗል አሉት። ፊቱ ፈካ። ክፉው ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ገላውን ሊታጠብ ተጣድፎ ተነሣ።

ስድስት አልሞላም ነበር። ሰዓቱን የነገሩት ሰዎች አውቀው ዋሽተውታል።

ለ15 ዓመት የገዛ፣ ወታደሩ የሚወደው፣ ሴኔቱ ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥለት ሰው እንዲህ በቤቱ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ውሸት ተጀምሮ ወደቀ። የጣሉት ልብስ የሚያለብሱት፣ በር የሚከፍቱለት፣ አልጋውን የሚያነጥፉለት ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝም ይኸው ነው። ሴኔተሮች ለመግደል ምክንያት ሞልቷቸው ነበር፤ አልገደሉም። አንድ ጄኔራል ሁለት ሌጌዎን ይዞ አምፆ ነበር፤ አልሆነለትም። እንጀራቸው በሱ እጅ የነበረው የቤቱ ሰዎች ግን ቆረጡ። ለምን?

*

ድምጥያኖስ በ51 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ኲሪናል በሚባለው ኮረብታ ላይ ተወለደ። ቤቱ የነበረበት መንገድ «ሮማኑ ዘንድ» ይባላል። ፍሬውን ሮማን ማለቴ ነው፤ ከከተማው ስም ጋር መገጣጠሙ የአማርኛ ጨዋታ እንጂ የላቲን አይደለም። ይህን ቤት ግን አንባቢ ይያዝልኝ።

አባቱ ቬስፓስያኖስ ከታላላቆቹ የመኳንንት ቤቶች ያልመጣ የጦር ሰው ነበር። ኔሮን በ68 ራሱን ካጠፋ በኋላ ሰዎች ዙፋኑን እየተነጣጠቁ ተፈራረቁበት፤ መጨረሻ ላይ የረጋበት ቬስፓስያኖስ ሆነ። ያን ጊዜ አባትና ታላቅ ወንድም ምሥራቅ ናቸው፤ የ18 ዓመቱ ድምጥያኖስ ሮም ውስጥ ተቀናቃኞቻቸው መሐል ቀርቷል። በዲሴምበር 69 የጠላት ወታደሮች የካፒቶልን ኮረብታ ሰብረው ሲገቡ፣ ቤተ መቅደሱም ሲነድ፣ አጎቱ ተይዞ ተገደለ። ልጁ አንድ የመቅደስ ጠባቂ ዘንድ ተደብቆ አደረ። ሲነጋ ኢሲስ የምትባለውን የግብፅ አምላክ የሚያገለግሉ ሰዎችን ልብስ ለብሶ፣ ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ አመለጠ። ሌላ ሰው መስሎ በወታደር መሐል ማለፍ እንደሚቻል በ18 ዓመቱ አወቀ። ሌላውም መስሎ ሊቀርበው እንደሚችል ለመጠርጠር ከዚያ በላይ ትምህርት አላስፈለገውም።

ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ቲቶ ኢየሩሳሌምን አፍርሶ በድል ተመለሰ። የድሉ ሰልፍ በ71 ሲደረግ አባትና ታላቅ ልጅ በሠረገላ፣ ታናሹ በነጭ ፈረስ ከኋላ ሄዱ። ለአሥር ዓመት ያህል ድምጥያኖስ የኖረው እንደዚያው ነው፤ ያማረ ፈረስ ላይ፣ ከኋላ። ቬስፓስያኖስ በ79 ሞተ። ቲቶ ሁለት ዓመት ገዝቶ በሴፕቴምበር 81 ሲሞት ተራው ደረሰ። ዛሬ ሮምን የጎበኘ ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት፣ ከኢየሩሳሌም የተማረከው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ የተቀረጸበት የቲቶ ቅስት የተሠራው በድምጥያኖስ ዘመን ነው። በሕይወት ሳለ ብዙም ያልተስማማውን ወንድሙን ከሞተ በኋላ አምላክ አሰኝቶ፣ ሐውልት አቆመለት።

ክፉ ነበር ብሎ ለመዝጋት መቸኮል አይገባም። የወታደሩን ደሞዝ በዓመት ከ225 ዲናር ወደ 300 ከፍ አደረገ። በዘመኑ መጀመሪያ ላይ የዲናሩን የብር መጠን አሻሻለ። ዛሬ ፒያሳ ናቮና የሚባለው ሞላላ አደባባይ ቅርጹን የያዘው እሱ ካሠራው ስታዲየም ነው። ስለሱ በጎ መናገር ብዙም የማይቀናው የታሪክ ጸሐፊው ሱኤቶኒየስ እንኳ የየአውራጃው ገዢዎች እንደዚያ ዘመን ታማኝና ፍትሐዊ ሆነው እንደማያውቁ ይመሰክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይቆጣጠራቸዋል። ከ85 ጀምሮ ደግሞ የዕድሜ ልክ የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪነት ሥልጣን በእጁ አስገባ፤ ሴኔት ውስጥ ማን እንደሚቀመጥና ማን እንደሚባረር ይወስናል።

ስለሱ የነገሩን ሰዎች ማንነትም መታወቅ አለበት። ታሲተስ፣ ፕሊኒ፣ ሱኤቶኒየስ የጻፉት እሱ ከሞተ በኋላ፣ እሱን መስደብ ምንም በማያስከፍልበት ጊዜ ነው። ታሲተስና ፕሊኒ ደግሞ በዚያው በአምባገነኑ ዘመን ሹመት እየጨመሩ የወጡ ሰዎች ናቸው። ፕሊኒ በኋላ እኔም ልታሠር ነበር፣ የክስ ወረቀቴ ከሱ ጠረጴዛ ውስጥ ተገኝቷል እያለ ጽፏል። ይሁን። አገዛዝ ሲወድቅ ሁሉም ሊታሠር የነበረ ይሆናል፤ ይህን የሚያውቅ ለፕሊኒ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ታሲተስ ይሻላል፤ ሴኔቱ ራሱ በወንድሞቹ ደም እጁን እንደነከረ፣ እሱም እዚያ ተቀምጦ እንደነበር አልደበቀም።

*

ነገሩ የተበላሸው በ89 ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ጃንዋሪ 1 ቀን፣ ዛሬ ማይንትስ በምትባለው የራይን ወንዝ ከተማ፣ የላይኛው ጀርመን አዛዥ ሳቱርኒኖስ ሁለት ሌጌዎን ይዞ አመፀ። ሠራዊቱ ያስቀመጠውን የቁጠባ ገንዘብ ወርሶ ነበር የተነሣው። አመፁ በሳምንታት ውስጥ ከሸፈ፤ አዛዡም ተገደለ። ድል ያደረገው ጄኔራል የሳቱርኒኖስን ደብዳቤዎች አንድም ሳያስቀር አቃጠላቸው። ይህን ያደረገው ስንት አንገት ለማትረፍ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ለሰውዬው መልካም ሥራ ነበር፤ ለድምጥያኖስ ግን እሳት ሆነበት። ስሞቹ ቢነበቡ ጥፋተኞቹ አምስት ወይም አሥር ይሆኑ ነበር። ወረቀቱ አመድ ሲሆን ሁሉም ተጠርጣሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ቤተ መንግሥቱን በፍርሃቱ ልክ ያሰናዳው። የሚንሸራሸርባቸውን መተላለፊያዎች ግድግዳ ከቀጰዶቅያ በመጣ እንደ መስተዋት በሚያበራ ድንጋይ አስለበጠ፤ ከኋላው የሚመጣውን ሳይዞር እንዲያይ ነው። እስረኛ ሲመረምር ሌላ ሰው አያስገባም፤ ሰንሰለቱንም በገዛ እጁ ጨምድዶ ይይዛል። እስቲ ይታያችሁ፦ የዓለም ጌታ የሚባለው ሰው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ እስረኛ ጋር በአንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፍ። ማን ማንን እንዳሰረ ለማወቅ ያስቸግራል።

ጆሮ ጠቢው በዛ። አሳብቆ ያስገደለ ከሚወረሰው ሀብት ድርሻ አለውና ሥራው አዋጪ ሆነ። የአጎቱ የልጅ ልጅ የሚባለው ፍላቪየስ ሳቢኖስ ለቆንስልነት በተመረጠ ቀን አዋጅ ነጋሪው ምላሱ ስቶት «ቆንስል» በማለት ፈንታ «ኢምፔራቶር» አለው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ማዕረግ መሆኑ ነው። የተሳሳተው አዋጅ ነጋሪው፣ የሞተው ሳቢኖስ። በ93 ሦስት ታዋቂ ሰዎች በጻፉትና በተናገሩት ተገደሉ፤ ከነሱ ሁለቱ ጥፋታቸው በቀድሞ ነገሥታት የተገደሉ ሰዎችን በመጽሐፍ ማመስገናቸው ነበር። ፈላስፎች ከጣሊያን ተባረሩ፤ ከነሱ አንዱ፣ አንካሳው ኤፒክቴተስ፣ ግሪክ ምድር ተሻግሮ ትምህርት ቤቱን እዚያ ከፈተ።

ግን የዘመኑን መንፈስ ከግድያዎቹ ዝርዝር ይልቅ የሚያሳየው አንድ ግብር ነው። የታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ ይተርከዋል።

ድምጥያኖስ ታላላቅ ሴኔተሮችን በሌሊት ራት ጠራ። ሎሌዎቻቸው ውጭ ቀሩ። የገቡበት አዳራሽ ጣሪያው ጥቁር፣ ግድግዳው ጥቁር፣ ወለሉ ጥቁር ነው፤ መቀመጫዎቹ ምንጣፍ የላቸውም። በእያንዳንዱ እንግዳ አጠገብ የመቃብር ድንጋይ የመሰለ ሰሌዳ ቆሟል፤ ስሙ ተቀርጾበታል፤ መቃብር ላይ የምትሰቀለው ዓይነት ትንሽ ኩራዝ ትበራለች። ገላቸውን ጥቁር የተቀቡ ራቁታቸውን የሆኑ ልጆች እንደ ጥላ ገብተው ዞሩና እግራቸው ሥር ቆሙ። ከዚያ ለሙታን የሚቀርበው ምግብ፣ በጥቁር ሳሕን። ማንም ትንፍሽ አላለም። የሚናገረው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነው፤ ወሬውም ስለ ሞትና ስለ መታረድ ነው።

በመጨረሻ አሰናበታቸው። ግን የራሳቸው ሎሌዎች የሉም፤ በማያውቋቸው ሰዎች ታጅበው፣ በማያውቁት ሠረገላ ወደየቤታቸው ሄዱ። ቤት ደርሰው ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ በር ተንኳኳ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላከ ነው። አሁንስ መጣ አሉ። የመጣው ሰሌዳው ነበር፤ ለካ ከብር የተሠራ ነው። ቀጥሎ ሳሕኖቹ መጡ፤ የከበሩ ዕቃዎች ናቸው። በመጨረሻም ያ እንደ መንፈስ የቆመው ልጅ ታጥቦና ለብሶ በስጦታ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ እየተንቀጠቀጡ ስጦታ ሲቀበሉ አደሩ።

ቀልድ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ የዘመኑ ሀብታሞች በራት ግብዣ ላይ ሞትን ማስታወስ ያዘወትሩ ነበር ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ቀልድ ቀላጁ ሊገድልህ ሲችል ሌላ ነገር ነው። ደግሞም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያን ሁሉ ጥቁር ያስቀባው፣ ሰሌዳውን የቀረጸው፣ ልጆቹን ያሠለጠነው፣ ሎሌዎቹን ያሰናበተው የቤቱ አስተዳደር ነው። ሴኔተሮቹ አንድ ሌሊት ፈሩ። አሰናጆቹ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚዘጋጅ በዝርዝር ተማሩ።

የተራው ሰው ዕጣ ብዙ አልተጻፈም፤ ሱኤቶኒየስ ግን በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ትቶልናል። አይሁድ ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ መፍረስ በኋላ ለሮም የሚከፍሉት የነፍስ ወከፍ ግብር ነበር፤ ድምጥያኖስ ገንዘብ ሲያጥረው አሰባሰቡን አከረረው። ሱኤቶኒየስ ወጣት ሳለ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ችሎት፣ አንድ የ90 ዓመት ሽማግሌ መገረዙ አለመገረዙ እንዲታይ ልብሱን ሲገልጡት ቆሞ አየ። ሴኔተሮቹ የጻፏቸው ታላላቅ ሐዘኖች ሁሉ ተሰብስበው የዚያን ሽማግሌ ያህል አይከብዱኝም።

*

አሁን ወደ እልፍኙ እንግባ። ለዚህ ክፍል አማርኛችን ከላቲኑ የማይተናነስ ቃል አለው፤ እልፍኝ አስከልካይ። የንጉሡን መኝታ ክፍል የሚጠብቅ፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚል። በሮም ቤተ መንግሥት ይህን ሥራ የያዙት ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሥልጣናቸው ከጌታቸው ፊት የሚገኝ ነው፤ ጌታው ካልፈለጋቸው ዘመድ የላቸው፣ ርስት የላቸው፣ የሚሸሹበት የላቸውም። ታማኝነታቸው የሚታመነውም በዚሁ ነበር። የድምጥያኖስ እልፍኝ አስከልካይ ፓርቴኒዮስ ይባላል፤ ጎራዴ እንዲታጠቅ የተፈቀደለት ሰው ነበር።

በ95 ሁለት ነገር ሆነ። ኤፓፍሮዲቶስ የተባለ ሽማግሌ ተገደለ። ይህ ሰው የኔሮን ጸሐፊ የነበረ ነጻ የወጣ ባሪያ ነው፤ ኔሮን በ68 እንደ ተከበበ ሲያውቅና ጉሮሮው ላይ ቢላ ማሳረፍ ሲያቅተው እጁን ያገዘው እሱ ነበር። ከ27 ዓመት በኋላ ድምጥያኖስ በዚያ ወንጀለኛ አለው። መልእክቱ ለቤቱ ሰዎች ነበር፦ ጌታ ራሱ ቢለምናችሁ እንኳ እጃችሁን በጌታ ላይ አታንሡ። ሊያስፈራራቸው ፈልጎ ነው። እነሱ ግን የሰሙት ሌላ ነው፤ የዕድሜ ልክ አገልግሎት፣ ጌታን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አለመክዳትም ቢሆን አያድንም ማለት ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ድምጥያኖስ ልጅ የለውም፤ አንዱ ሕፃንነቱን ሳይጨርስ ሞቶበታል። ስለዚህ የዘመዱን የፍላቪየስ ቀሌምንጦስን ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ወራሽ አድርጎ ቬስፓስያኖስና ድምጥያኖስ ብሎ ስማቸውን ለወጠ፤ ታዋቂውን የንግግር መምህር ኲንቲልያኖስን አስተማሪ ቀጠረላቸው። ቀሌምንጦስ የ95 ቆንስል ነበር። ከሥልጣኑ ብዙም ሳይርቅ ተገደለ፤ ሚስቱ ዶሚቲላ ወደ ደሴት ተጋዘች። ክሱ የአማልክት ክሕደትና ወደ አይሁድ ሥርዓት ማዘንበል ነው። ይህን ክስ የክርስትና ሌላ ስሙ አድርገው የተረጎሙ ብዙዎች ናቸው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ወደ ፍጥሞ ደሴት የተጋዘው በዚሁ ንጉሥ ዘመን እንደሆነ፣ ከንጉሡ ሞት በኋላ ወደ ኤፌሶን እንደተመለሰም የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል፤ ድምጥያኖስ የሚለው ስም ለኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነውም በዚህ ነው። የሮም የጽሑፍ ምንጮች ግን በሰፊው ስለተደረገ የክርስቲያኖች ስደት አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ቤተሰብ ነው።

የወራሾቹ አባት ከተገደለ፣ ወራሾቹ የማን ናቸው? የቤቱ ሰዎች ተስፋ የነበረው የነገው ጌታ ከወዲሁ መታወቁ ነበር። ያም ጠፋ። ከዚህ በላይ ቢታገሡ የሚያገኙት ነገር የለም፤ ባይታገሡ ግን ምናልባት።

*

ሴራውን ማን ጀመረው በሚለው ላይ ዲዮ ውብ ታሪክ አለው። ድምጥያኖስ የሚገድላቸውን ሰዎች ስም በሰሌዳ ጽፎ ትራስ ሥር አስቀመጠ፤ ሲያንቀላፋ አንድ ሕፃን ለጨዋታ ወሰደው፤ ሰሌዳው ከሚስቱ ከንግሥት ዶሚቲያ እጅ ገባ፤ ስሟን አየች፤ ለሌሎቹም አሳየች። እኔ አላምነውም። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ተገደለው ስለ ንጉሠ ነገሥት ኮሞዶስም ሄሮድያን የተባለ ጸሐፊ ያንኑ ይተርካል፤ ያው ሰሌዳ፣ ያው ሕፃን፣ ያው የተደናገጠች ሴት። ታሪክ በሁለት ሰው አልጋ ውስጥ አንድ ዓይነት ሕፃን አያስቀምጥም።

እርግጠኛው ነገር የተሳተፉት ሰዎች ናቸው። ፓርቴኒዮስ አለ። ከክብር ዘበኛው አዛዦች ቢያንስ አንዱ፣ ፔትሮኒየስ ሴኩንዶስ፣ ያውቃል። ቀጣዩ ንጉሥ አስቀድሞ መዘጋጀት ነበረበትና አንድ ስድሳ ዓመት ያለፈው ልጅ የሌለው ሴኔተር ዘንድ ሰው ተላከ፤ ኔርቫ ይባላል። ቢላውን ለመያዝ የተመረጠው እስጢፋኖስ ነው። ለኛ የሰማዕት ስም ነው፤ እሱ ግን የተጋዘችው የዶሚቲላ የንብረት መጋቢ ነበር፣ ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ የተከሰሰ፣ ጠንካራ ጎልማሳ። የእመቤቱን ቂም ይዞ ይሁን ክሱን ፈርቶ እንጃ፤ ሁለቱም አንድ ሰውን ለማነሣሣት ይበቃሉ።

ግራ ክንዱ ታሟል ተባለ። በሱፍና በጨርቅ ጠቅልሎ ለቀናት በቤተ መንግሥቱ ዞረ። በመጀመሪያው ቀን ዘበኞቹ ያያሉ፤ በሁለተኛው እንዴት አደረህ፣ ተሻለህ ይላሉ፤ በሦስተኛው ልብ የሚለው የለም። በመስተዋት ድንጋይ የተለበጠው መተላለፊያ የሚያሳየው ይህንኑ የተጠቀለለ ክንድ ነው። ከጨርቁ ውስጥ ያለውን አያሳይም።

በዋዜማው ማታ ለድምጥያኖስ ፍሬ ቀረበለት። ለነገ አስቀምጡልኝ አለ፣ ለመብላት ከበቃሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ደንግጦ ከአልጋው ዘለለ። ጠዋት ከጀርመን የመጣ አንድ ሟርተኛ አስቀርቦ ጠየቀው፤ ሰሞኑን ስለሚወርደው መብረቅ ምን ትላለህ? ገዢ ይለወጣል አለው። ሞት ፈረደበት። ከዚያ ግንባሩ ላይ ያለ ኪንታሮት ሲያክ ደማ፤ ምነው የሚፈሰው ደም ይኸው ብቻ ቢሆን አለ። ያኔ ነው ሰዓት የጠየቀው።

ወደ መታጠቢያው ሲያቀና ፓርቴኒዮስ አስቆመው። አንድ ሰው ጊዜ የማይሰጥ ከባድ ነገር ይዞ መጥቷል አለው። ድምጥያኖስ አጃቢዎቹን አሰናብቶ ብቻውን ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ለጠባቂዎቹ ያላመነውን ሚስጥር ለመስማት ጠባቂዎቹን ሸኘ። እስጢፋኖስ ገባና ሴራ ደርሼበታለሁ ብሎ ወረቀት ሰጠው። ሰውዬውን ለመግደል ከዚህ የተሻለ ማባበያ አይገኝም፤ 15 ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ወረቀት ሰጡት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

እስጢፋኖስ ከጨርቁ ውስጥ ስለቱን መዞ ብሽሽቱ ላይ ወጋው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የምናውቀው በአንድ ልጅ ምስክርነት ነው። ለመኝታ ክፍሉ የቤት ጣዖታት የሚያገለግል ትንሽ ብላቴና እዚያው ነበር። ድምጥያኖስ ቆስሎም አልወደቀም፤ ለልጁ ትራሴ ሥር ያለውን ጩቤ አምጣ፣ ሰዎቹንም ጥራ አለው። ልጁ ሮጠ። ትራሱን ገለጠ። እጀታው አለ፤ ስለቱ የለም። ወደ በሮቹ ሮጠ፤ ሁሉም ተቆልፈዋል።

ትራሱን የሚያስተካክል ሰው አውጥቶታል፤ በሩንም ቁልፍ የያዘ ቆልፎታል።

ድምጥያኖስ ገዳዩን መሬት ላይ ጥሎ ያዘው። ስለቱን ሊነጥቀው እየሞከረ፣ በተቆራረጡ ጣቶቹ ዓይኑን ሊያወጣ እየታገለ ብዙ ቆየ። ያን ጊዜ ሌሎቹ ገቡ፤ ክሎዲያኖስ የተባለ የበታች መኮንን፣ ፓርቴኒዮስ ከባርነት ነጻ ያወጣው ማክሲሞስ፣ የእልፍኙ አለቃ ሳቱር፣ አንድ ግላዲያተርም አብሮ። ሰባት ቦታ ወግተው ጨረሱት። ዲዮ እንደሚለው፣ ሴራውን ያልሰሙ ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ እስጢፋኖስንም ገደሉት።

ዲዮ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያክላል፦ በዚያችው ሰዓት ኤፌሶን ውስጥ የጥያናው አጵሎንዮስ የሚባል ጠቢብ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እስጢፋኖስን በርታ እያለ ጮኸ ይላል። እውነት ነው፣ ለመጠራጠር ሺህ ምክንያት ቢኖርም እውነት ነው ብሎ ይሟገታል። ዲዮን እወደዋለሁ።

*

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ በድምጥያኖስ ላይ ቃል በቃል ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ግን አልሠመረም። የወረሰው ኔርቫ የተጠላ ሰው አልነበረም፤ በ90 ከሱ ጋር አብሮ ቆንስል እንዲሆን የመረጠው ራሱ ድምጥያኖስ ነው።

ሴኔቱ በዚያው ቀን ኔርቫን አነገሠ። ከዚያ መሰላል አስመጥቶ የድምጥያኖስን ጋሻና ምስል ከአዳራሹ ግድግዳ አስወርዶ መሬት ላይ አስከሰከሰ፤ ስሙም ከየጽሑፉ እንዲፋቅ ወሰነ። ድምጥያኖስ ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን በራሱ ስሞች ለውጧቸው ነበር፤ የተገደለበት ወር እሱ ነገሠበት ብሎ «ጀርማኒኮስ» ያለው ነበር። ወሮቹ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ። ጁላይና ኦገስት ግን እስከ ዛሬ የቄሣሮች ስም እንደያዙ ናቸው፤ ዕድል ይለያያል። ሕዝቡ በግድያው አልተደሰተም፣ አላዘነምም። ወታደሩ ግን በጣም አዘነ፤ አምላክ ይባል አለ፤ መሪ ቢያገኝ ወዲያው ይበቀል ነበር።

መሪ ያገኘው በዓመቱ ነው። በ97 የክብር ዘበኛው ኔርቫን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አግቶ ገዳዮቹን ስጠን አለ። ሽማግሌው አንገቱን ገልጦ እኔን ግደሉ ቢልም የሰማው የለም። ሴኩንዶስና ፓርቴኒዮስ ተገደሉ፤ የፓርቴኒዮስ አሟሟት እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ኔርቫ ወታደሮቹን በአደባባይ እንዲያመሰግን ተገደደ። በዚያው ዓመት ትራያኖስ የሚባል ጄኔራልን ልጁ አደረገ፤ ዘበኛ የማይደፍረው ሰው ነው።

ዶሚቲያ ባሏን ማስገደሏ ነው የሚወራባት። እሷ ግን ከሞተ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ የሸክላ ፋብሪካ ነበራት፤ ጡቦቿ ላይ የታተመው ማኅተም የድምጥያኖስ ዶሚቲያ ይላል። ስሙ ከየግድግዳው በሚፋቅበት አገር፣ ከጡብ ላይ ልታወጣው ማንም አይከለክላትም ነበር።

ሬሳውን ግን ድሆችን የሚቀብሩት ሰዎች በተራ ቃሬዛ አወጡት። የተቀበለችው ሞግዚቱ ፊሊስ ናት። በላቲና መንገድ ዳር ወዳለው ይዞታዋ ወስዳ አቃጠለችው። ከዚያ አመዱን ደብቃ ወደ ከተማው አስገባች፤ ኲሪናል ኮረብታ ላይ ወዳለው የቤተሰቡ ቤተ መቅደስ ወጣች። የቲቶ ልጅ ዩልያ አመድ እዚያ ነው፤ እሷንም ሕፃን ሳለች ያሳደገቻት ፊሊስ ነበረች። የሁለቱን አመድ አንድ ላይ ቀላቀለችው። ቤተ መቅደሱ የተሠራው ድምጥያኖስ የተወለደበት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ «ሮማኑ ዘንድ» በሚባለው መንገድ ዳር።